አንዷን ነርስ ከማዛወርዎ በፊት የጠዋቱን ርክክብ ይመርምሩ

ጥያቄ፦

«በአንድ የግል ሆስፒታል የውስጥ ደዌ አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነኝ። ከሦስት ወር ገደማ በፊት በዕድሜም በአገልግሎትም ከእኔ የሚበልጡ አንዲት አንጋፋ ነርስ የሌሊት ተረኛ ነበሩ። የጠዋት 12 ሰዓቱ ሜትሮኒዳዞል የተባለው መድኃኒት በክፍሉ ስላልነበረ አስታማሚው ከፋርማሲ ገዝቶ እስኪመጣ ድረስ ዘገየና 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሰጡ፤ ሳይፈርሙ ግን ወጡ። በ2 ሰዓት የተረከበቻቸው ወጣት ነርስ የፊርማውን ቦታ ባዶ ስታገኘው በአስታማሚዎች ፊት ‹ይሄ እንዴት ይረሳል?› አለች፤ ለሐኪሙ ደወለች፤ ከዚያም ለሜትሮኗ (ለነርሶች የበላይ ኃላፊ) በጽሑፍ አመለከተች። አንጋፋዋ ነገሩን የሰሙት በሚቀጥለው ተራቸው ከሜትሮኗ አፍ ነው። እሳቸው ‹መስጠቴን በቃል ነግሬያታለሁ› ይላሉ፤ እሷ ‹አልሰማሁም› ትላለች። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም፤ አንጋፋዋም የርክክብ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትተው ይወጣሉ። በሻይ ክፍል ሜትሮኗ ባለችበት ተቃቅፈው እንዲታረቁ አደረግሁ። ሳምንት እንዳለፈ ጊዜው ባለፈበት ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በሚገባው የመድኃኒት መስጫ ቱቦ) ምክንያት በርክክብ ላይ እንደገና ተጋጩ። ባለፈው ወር ደግሞ ሌሎች ሁለት ነርሶች ባልተፈረመ መድኃኒት ተጣሉ። ክፍሉ ነባርና አዲስ ተባብሎ ለሁለት ተከፍሏል። አንዷን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ባዛውር ይሻላል?»

ምላሽ፦

ሲስተር፣ በቅድሚያ ለመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ ልስጥ፦ አሁን ማንንም አያዛውሩ። ይህን የምለው ለሁለቱ አዝኜ ሳይሆን፣ ጠቡ ከሰዎቹ ጠባይ ይልቅ ከጠዋቱ የሥራ ርክክብ እንደሚነሣ የጻፉልን ነገር ራሱ ስለሚያሳይ ነው። መጀመሪያ የተጋጩት በ2 ሰዓቱ ርክክብ ነው፤ ከታረቁ በኋላም የተጋጩት በርክክብ ላይ ነው፤ በዚህ ጠብ ውስጥ እጃቸው የሌለበት ሌሎች ሁለት ነርሶችም የተጣሉት ባልተፈረመ መድኃኒት ነው። ሰዎቹ ተለዋውጠው ምክንያቱ ያው ሆኖ ከቀጠለ፣ አንዷን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መላክ ጠቡን በእሷ ቦታ ለምትተካው ነርስ ከማውረስ ያለፈ ውጤት አይኖረውም።

በሥራ ቡድን ውስጥ የሚነሣ አለመግባባትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች፣ በተለይም ካረን ጄን በ1995 እ.ኤ.አ. ካሳተመችው ጥናት ወዲህ፣ ስለ ሥራው የሚነሣን ክርክር በሰዎች መካከል ከሚፈጠር ቅሬታና ጥላቻ ለይተው ያዩታል። የመጀመሪያው «መድኃኒቱ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «እሷ ድሮም ትንቀኛለች» የሚል ነው። የጄን ግኝት የሥራ ክርክር በልኩ ሲሆን ሊጠቅም እንደሚችል ያመለክት ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ካርስተን ደ ድሩና ላውሪ ዋይንጋርት ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ሁለቱም ዓይነት ግጭቶች በአብዛኛው ከዝቅተኛ የቡድን ውጤት ጋር ተያይዘው አገኙ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ቁም ነገር የሥራ ክርክር ሳይውል ሳያድር ወደ ሰው ጠብ የሚለወጥ መሆኑ ነው፤ ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ተጣዪዎቹ ራሳቸው መነሻው ምን እንደነበረ ለይተው መናገር ያቅታቸዋል።

በእርስዎ ክፍል ይህ ለውጥ የደረሰባትን ቅጽበት እንመልከት። አንጋፋዋ ነርስ ሌሊቱን ሙሉ ሠርተው፣ መድኃኒት ፍለጋ አስታማሚ ልከው፣ ዘግይቶም ቢሆን ለሕመምተኛው ሰጥተዋል፤ ስለዚህ በእሳቸው ኅሊና ግዴታቸውን ተወጥተዋል፤ የቀረችው ፊርማ ብቻ ናት። ወጣቷ ነርስ ግን ይህን ሁሉ አላየችም። ያየችው ባዶ የሜዲኬሽን ሺት፣ ማለትም የተሰጠ መድኃኒት የሚፈረምበት ቅጽ ነው፤ በነርስነት ትምህርቷም ያልተፈረመ መድኃኒት እንዳልተሰጠ እንደሚቆጠር ተምራለች። መድኃኒቱን ደግማ ብትሰጥ ሕመምተኛው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሁለት መጠን ይወስድ ነበር፤ ብትተወውና በእርግጥም ያልተሰጠ ቢሆን ደግሞ የስምንት ሰዓት ልዩነቱ ይስተጓጎል ነበር። ለሐኪሙ መደወሏ ትክክል ነው። ሁለቱም ባዩት መጠን ተገቢውን አድርገዋል ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዷ የሌላዋን ድርጊት በጠባይ ተረጎመችው። ለወጣቷ አንጋፋዋ «ግድ የለሽ» ሆኑ፤ ለአንጋፋዋ ወጣቷ «አቃጣሪ» ሆነች። ሊ ሮስ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1977 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ይህን ዝንባሌ የሰው ልጅ መሠረታዊ የፍርድ ስሕተት ብሎታል፤ ሌላው ሰው ያጠፋውን ከጠባዩ የመጣ አድርገን ስንወስድ፣ ያለበትን ሁኔታ ግን አሳንሰን እናያለን።

የዚያን ዕለት ጉዳቱን ያበዙት ሁለት ነገሮች ይመስሉኛል። አንደኛው በአስታማሚ ፊት የተነገረው ቃል ነው። ለብዙ ዓመት ያገለገለ ባለሙያ በሕመምተኛና በቤተሰብ ፊት ሲወቀስ ስሙ ይነካል፤ ወቀሳው እውነት ቢሆን እንኳ የሚቀረው መዋረዱ ነው። ሁለተኛው፣ ወጣቷ አንጋፋዋን በስልክ ሳትጠይቅ በቀጥታ ለሜትሮኗ መጻፏ ነው። ማመልከቷን አልነቅፍም፤ የመድኃኒት ስሕተት መመዝገብ አለበት። ነገር ግን «ሲስተር፣ ይቅርታ፣ የ12 ሰዓቱ ተሰጥቷል?» የሚል የአንድ ደቂቃ ስልክ ሐኪሙ ጋ ከመደወሉም በፊት ሊቀድም ይገባ ነበር። ይህ ያልሆነው ወጣቷ ክፉ ሆና አይመስለኝም። በክፍሉ ውስጥ «ያልተፈረመ ሲገኝ መጀመሪያ ማን ጋ ይደወላል?» ለሚለው ጥያቄ የተጻፈም ሆነ የተለመደ መልስ ስለሌለ ነው፤ መልስ መስጠቱ ደግሞ የኃላፊ ነርስ ሥራ ነው።

አሁን ወደ እርቁ ልመለስ። ያሰቡት መልካም ነበር፤ ያልያዘበትን ምክንያት ግን መረዳት ያስፈልጋል። ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ሮበርስ ኬቭ በተባለ የመዝናኛ ሥፍራ 22 ወንዶች ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ ካወዳደረና ካቃቃረ በኋላ፣ አንድ ላይ እንዲበሉና አንድ ላይ ፊልም እንዲያዩ አደረገ። ማዕዱ የስድብና የምግብ መወራወሪያ ሆነ። ልጆቹ መቀራረብ የጀመሩት የሠፈሩ ውኃ ሲቋረጥና አንድ የጭነት መኪና አልነሣ ሲል፣ አንዱ ቡድን ያለ ሌላው ሊወጣው የማይችለው ሥራ ሲገጥማቸው ነው። የእርስዎ ነርሶች ልጆች አይደሉም፤ ሙከራውም ብዙ ትችት ቀርቦበታል። ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ በተደጋጋሚ የማየውን ነገር ያስረዳል፦ ምሳ ጋብዞ፣ ቡና አፍልቶ፣ አቃቅፎ መሸኘት ብቻውን የተጣላን ቡድን አያስማማም። ጠቡን የወለደው ሥራ ሳይለወጥ ሰዎቹ ወደዚያው ሥራ ከተመለሱ፣ በሚቀጥለው ባዶ የፊርማ ቦታ እርቁ ይፈርሳል። የእርስዎን ያፈረሰው ጊዜው ያለፈበት ካኑላ መሆኑም ይህንኑ ያሳያል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሽምግልና አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ኃላፊዎች ሽማግሌ የሆኑ እየመሰላቸው የሽምግልናውን የመጨረሻ ክፍል ብቻ ይወስዳሉና። ደንበኛ ሽማግሌዎች በመተቃቀፍ አይጀምሩም። በዳይና ተበዳይን ለየብቻ ይሰማሉ፤ የተባለውን ከምስክር ያጣራሉ፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ይለያሉ፤ ካሳ የሚገባ ከሆነ ይቆርጣሉ፤ ቀጠሮ እየሰጡ ነገሩ እስኪበርድ ይመላለሳሉ፤ ይቅር መባባሉ የሚመጣው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በሻይ ክፍሉ የተደረገው ማጣራቱን ዘልሎ ወደ ይቅርታው ሄደ። አንጋፋዋ «መናገሬን ማንም አላጣራልኝም» ብለው፣ ወጣቷም «ሕመምተኛ ስለጠበቅሁ ይቅርታ እንድጠይቅ ተደረግሁ» ብላ ወጥተዋል ብዬ እገምታለሁ። ከዚህም ሌላ ሜትሮኗ ተቀምጣ እያየች «አልታረቅም» ማለት ለሁለቱም የማይቻል ነበርና እሺታው የልብ አልነበረም።

ስለዚህ ከማጣራቱ ይጀምሩ፤ በመጀመሪያም አንጋፋዋን ያነጋግሩ። በዕድሜ ስለሚበልጡዎት ወደ ቢሮዎ ማስጠራቱ ክስ ይመስላል፤ በተራቸው ማብቂያ ላይ ደክመው ሳለም አይሁን። ወደ ሥራ ሲገቡ ሰዓት ጠይቀው፣ በር በሚዘጋበት ክፍል ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። «ለምን አልፈረሙም?» በሚል አይጀምሩ፤ «ለምን» የሚል ጥያቄ ሰውን ወደ መከላከል ይወስደዋል። «የዚያን ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ርክክብ እስኪያልቅ የሆነውን በቅደም ተከተል ቢነግሩኝ» ይበሉ፤ ከዚያ አያቋርጡ። መድኃኒቱ ከፋርማሲ የመጣበትን ሰዓት፣ በዚያች ሰዓት ስንት ሕመምተኛ በእጃቸው እንደነበረ፣ መስጠታቸውን በቃል የተናገሩት የት ቆመው እንደሆነና ወጣቷ በዚያች ቅጽበት ምን ትሠራ እንደነበር ይጠይቁ። ምናልባት ወጣቷ ቁልፍ ያለበትን የመድኃኒት ሣጥን እየቆጠረች ወይም አስታማሚ እያነጋገረች ነበር፤ እንዲህ ከሆነ «ነግሬያታለሁ» እና «አልሰማሁም» ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ማንም አልዋሸም። ይህን ማወቅ ብቻውን ከጠቡ ግማሹን ያቀልላል፤ ለሦስት ወር እያንዳንዷ ሌላዋን ውሸታም ስትል ነበርና።

ወጣቷንም በዚያው ጥያቄ፣ በዚያው ትዕግሥትና በዚያው የጊዜ ርዝመት ያነጋግሯት። ከእርሷ ዘንድ በጥንቃቄ የሚሰማው ነገር ፍርሃት ነው። አዲስ ነርስ ለሜትሮን የምትጽፈው ብዙ ጊዜ ሰው ለመክሰስ ሳይሆን ነገ ጥፋቱ በእሷ እንዳይላከክ ነው። በሜዲኬሽን ሺቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓትም ሁለቱን ይጠይቋቸው። በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በሐኪሙ ትእዛዝ 6፣ 14፣ 22 ተብሎ ሲጻፍ፣ እኛ በምንናገርበት አቆጣጠር 12፣ 8 እና 4 ሰዓት ማለት ነው። በደከመ ዓይን «6» የሚለው የቀኑ 6 ሰዓት ተብሎ ሊነበብ እንደሚችል ከእርስዎ የሚሰወር አይደለም። ክፍሉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጽፍና እንደሚናገር ካልተወሰነ፣ እንዲህ ያለ ጠብ በማንኛውም ሳምንት ሊነሣ ይችላል።

ሁለቱን ካነጋገሩ በኋላ እንደገና ለማገናኘት አይቸኩሉ፤ በመካከሉ ርክክቡን ያስተካክሉ። አሁን እንዳለው ከሆነ አንዷ ቦርሳዋን ይዛ ለመውጣት እየቸኮለች፣ ሌላዋ ልብስ እየቀየረች፣ ስልክ እየጮኸ በቃል የሚደረግ ነገር ይመስላል፤ አንጋፋዋ ካኮረፉ ወዲህ ደግሞ በቃልም ቀርቶ ደብተር ብቻ ሆኗል። ሁለቱ ፈረቃዎች ቢያንስ ለሃያ ወይም ለሠላሳ ደቂቃ እንዲደራረቡ ፕሮግራሙን ያስተካክሉ፤ ደቂቃው ያለ ክፍያ ከሰው ላይ የሚወሰድ ከሆነ ግን አይሠራምና አስቀድመው ከአስተዳደሩ ጋር ይነጋገሩ። ርክክቡ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ አጠገብ ይሂድ፤ ወጪና ገቢ ነርስ ሜዲኬሽን ሺቱን በአንድ ላይ ይዘው ከአልጋ ወደ አልጋ እየሄዱ እያንዳንዱን የፊርማ ቦታ ይዩ። ባዶ ከተገኘ ሰጪዋ እዚያው ስላለች እዚያው ትጠየቃለች፤ ሰጥታ ከሆነ የሰጠችበትን እውነተኛ ሰዓት ጽፋ ትፈርማለች። ካኑላ የገባበት ቀንም እዚያው ይታያል። ምሥጢር የሆነ ነገር በሕመምተኛው አጠገብ እንዳይነገር ለብቻ የሚባለውን ወደ መጨረሻ ያቆዩት፤ ወቀሳም ቢሆን ከአልጋ አጠገብ አይነገርም፤ ይህ የማይጣስ ደንብ ይሁን።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በሚገባ የተጠና ነገር ነው። በአሜሪካና በካናዳ በ9 የሕፃናት ሆስፒታሎች በሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን በሥልጠና ላይ ባሉ) ሐኪሞች ዘንድ አይ-ፓስ የተባለ የርክክብ ሥርዓት ተሞክሮ ውጤቱ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ፣ ሊከላከሉት ይቻል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ርክክቡ የሚፈጀው ጊዜም ይህን ያህል አልጨመረም። የሥርዓቱ ክፍሎች ለእኛም ይሠራሉ፦ ሕመምተኛው ምን ያህል እንደጠናበት፣ አጭር ታሪኩ፣ መሠራት ያለበት ሥራ፣ ሊከሰት የሚችለው ነገርና ሲከሰት የሚደረገው፣ በመጨረሻም ተረካቢዋ የሰማችውን መልሳ መናገሯ። ይህች የመጨረሻዋ በእርስዎ ክፍል ብትኖር ኖሮ፣ ወጣቷ «የ12 ሰዓቱ ሜትሮኒዳዞል 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተሰጥቷል» ብላ በራሷ አፍ ትደግመው ነበር፤ ካልደገመችም አንጋፋዋ አለመሰማታቸውን እዚያው ባወቁ ነበር።

ስለ ስሕተት ምዝገባ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኤሚ ኤድመንድሰን በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በስምንት የሆስፒታል ክፍሎች የመድኃኒት ስሕተትን ስትመረምር፣ ጥሩ አመራርና ጥሩ ግንኙነት ባለባቸው ክፍሎች የተመዘገበው ስሕተት ከሌሎቹ በልጦ አገኘችው። ምክንያቱም በእነዚህ ክፍሎች ሰዎች ስሕተታቸውን ለመናገር አይፈሩም ነበር፤ በሌሎቹ ግን ስሕተቱ ይደበቅ ነበር። ስለዚህ ከዚህ ጠብ በኋላ በክፍልዎ የሚመዘገበው ስሕተት ቢቀንስ ደስ አይበልዎት፤ «እንደ እሷ አቃጣሪ እንዳልባል» የሚል ዝምታ ሊሆን ይችላል። ቅደም ተከተሉን በግልጽ ያስቀምጡ፦ ባዶ የፊርማ ቦታ ሲገኝ መጀመሪያ ለሰጪዋ ነርስ ይደወላል፤ ካልተገኘች ለተረኛ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሐኪሙ፤ ምዝገባው ግን በማንኛውም ሁኔታ አይቀርም። ሪፖርቱም ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ሆነው ነገር ይጻፍ። «ሲስተር እገሊት ግዴታዋን አልተወጣችም» ከማለት ይልቅ «መድኃኒቱ በክፍሉ ስላልነበረ አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ተሰጥቷል፤ አልተፈረመም» ብሎ መጻፍ ሌላም ነገር ያወጣል፤ ይኸውም ሌሊት መድኃኒት ሲያልቅ አስታማሚ እስኪገዛ ከመጠበቅ በቀር መንገድ አለመኖሩን። ይህን ለማስተካከል ከፋርማሲው ጋር መነጋገር የእርስዎ ድርሻ ነው፤ የሁለቱን ነርሶች ጠብ ያስነሣው የመጀመሪያው ጉድለት እሱ ነውና።

የሁለቱ ስብሰባ የሚጠራው አዲሱ ርክክብ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከሠራ በኋላ ነው። ሦስታችሁ ብቻ ሁኑ፤ ሜትሮኗ አትኑር። ያጣሩትን እርስዎ በራስዎ አንደበት ይናገሩ፦ መድኃኒቱ ተሰጥቷል፤ በቃል ተነግሯል፤ አልተሰማም፤ አልተፈረመም፤ በአስታማሚ ፊት ተወቅሰዋል፤ ሳይጠየቁ ተጽፏል። ይህን ያህል በቂ ነው፤ ሌላ ዝርዝር አይጨምሩበት። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ ለአንጋፋዋ «ባዶ የፊርማ ቦታ ያየች ተረካቢ ምን ይሰማታል ይላሉ?» ለወጣቷ «ሌሊቱን ሠርተው የወጡ ሰው በማግሥቱ ከሜትሮን ሲሰሙ ምን ይሰማቸዋል ትያለሽ?» ብዙ ጊዜ ይቅርታው ሳይጠየቅ ከዚህ ይመጣል። ወጣቷ ይቅርታ የምትጠይቀው ስለ ተናገረችበት ቦታና ስለ ቅደም ተከተሉ እንጂ ስለ ሕመምተኛው ስለተቆረቆረች እንዳይሆን ግን ይጠንቀቁ፤ ይህ ካልተለየ ሌሎቹ ወጣት ነርሶች ሁሉ አፋቸውን እንዲዘጉ ያስተማሯቸው ይሆናል። አንጋፋዋም ስለ ፊርማው ኃላፊነታቸውን መውሰድ አለባቸው፤ ዕድሜያቸው ከዚህ ነፃ አያደርጋቸውም፤ የሚነገራቸው ግን በአክብሮት ነው። ካልተቃቀፉ አይጨነቁ። ወዳጅ የመሆን ግዴታ የለባቸውም፤ ሕመምተኛ አሟልቶ የመረካከብ ግዴታ ግን አለባቸው፤ የሚጠይቋቸውም እሱን ብቻ ነው።

ስለ ቀሪው ቡድን ብዙ አልልም። «ነባር» እና «አዲስ» የሚለው ክፍፍል ሥር የሰደደበትን ቦታ ግን ይፈልጉ፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው የተረኝነት ፕሮግራሙን ነው። ያለፉትን ስድስት ወራት አውጥተው የፋሲካን፣ የገናንና የኢድን ሌሊት ማን እንደገባ፣ ቅዳሜና እሑድ ለማን እንደደረሰ፣ ማን ተራ መለወጥ እንደተፈቀደላትና ማን እንደተከለከለች ይቁጠሩ። ሚዛኑ የተዛባ ከሆነ፣ ስለ ሜትሮኒዳዞል የሚመስለው ጠብ ውስጥ የሌላ ቅሬታ ድርሻ አለበት ማለት ነው፤ እሱም በምክር ሳይሆን ፕሮግራሙን በማስተካከል ይፈታል። በቡድኑ የቴሌግራም ገጽ ላይ የሚወረወሩ ነገሮችን እዚያው አይመልሱ፤ ጸሐፊዋን ለብቻዋ ያነጋግሯት። ወሬ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ደግሞ «ይህን ባለጉዳዮቹ ባሉበት ብትነግሪኝ» ብለው ይመልሷቸው።

ከላይ ያልሁት ሁሉ የሚያገለግለው ነገሩ እንደጻፉት ከሆነ ነው። ሲያጣሩ ስለ ብሔር ወይም ስለ ሃይማኖት የተነገረ ስድብ፣ ዛቻ፣ የእጅ እልፊት ወይም ጾታዊ ትንኮሳ ካገኙ፣ ሽምግልናውን አቁመው ጉዳዩን ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የተበደለችን ሠራተኛ ከበዳይዋ ጋር አስቀምጦ «ተነጋገሩ» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። ሆስፒታልዎ የግል ስለሆነ የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ እንደ ነገሩ ክብደት በሥራ ቦታ ለሚነሣ ጠብና አምባጓሮ ተጠያቂ መሆንን ውል ያለማስጠንቀቂያ ሊቋረጥ ከሚችልባቸው ምክንያቶች መካከል ይቆጥረዋል፤ አሠሪው ግን ምክንያቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይቀራል። መኮራረፍና በሥራ ላይ መከራከር ይህን የመሰለ ጥፋት አይደለም፤ አንዳንድ ኃላፊዎች እንደሚያደርጉት በዚህ አንቀጽ ማስፈራራት ሰዎቹን ወደ ጠበቃ ከመላክ ሌላ ጥቅም የለውም።

ዝውውር የሚታሰበው አዲሱ ርክክብ ሁለት ወር ያህል በደንብ ሠርቶ፣ ሌሎቹ በሰላም እየተረካከቡ፣ ከሁለቱ አንዷ ግን ሆን ብላ መረጃ መከልከሏን ከቀጠለች ነው። ያን ጊዜ የምትዛወረው መረጃ የከለከለችው እንጂ በዕድሜ ያነሰችው ወይም አቤቱታ ያቀረበችው አትሁን፤ ምክንያቱም በግልጽ ይነገራት።

እስከዚያው ግን በሜትሮኗ እጅ ያለው ማመልከቻ መልስ ሳያገኝ በፋይል ውስጥ አይቆይ። ያጣሩትን በአንድ ገጽ ጽፈው ለሜትሮኗ ያቅርቡ፤ የመድኃኒት አቅርቦቱ ጉድለት፣ የርክክቡ ክፍተት፣ ያልተፈረመው ፊርማ፣ የተወሰደው እርምጃም ይግለጽበት። ቅጂውን ለሁለቱም ይስጧቸው፤ በተለይም ለአንጋፋዋ፣ ስለ እሳቸው የተጻፈውን እስከ ዛሬ በቃል ሰምተዋል እንጂ አንብበውታል ብዬ አልገምትም።